ቦርዱ ስለ በር ቀለም አይጠይቅም፦ ስለ ዲሲ አሮጌ ቤቶች ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ «ያንተን ጉድ ጻፉልህ» የሚል ጨምሮበታል። ጸሐፊው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዙ ወገናችን ናቸው። ቤቱን ሊያድሱ ተነሱ፣ ከከተማው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ገምጋሚ ቦርድ ጋር ተጋጩ፣ ተናደዱ፣ ጻፉ። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔም ለድሮይት ፓርክ በሚባለው የዲሲ ሰፈር ውስጥ ግድግዳው ከጎረቤት ግድግዳ የተጣበቀ አሮጌ የጡብ ቤት አለኝ። በዚሁ ጣጣ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ግን የጽሑፉ ግማሽ ስህተት ነው። የቀረው ግማሽ እውነት ቢሆንም ጥፋቱ የሌላ ነው። ዝም ልል አስቤ ነበር። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቤት ሊገዛ የሚፈልግ አንድ ልጅ «እነዚያ ሰፈሮች ውስጥ መግዛት እብደት ነው አሉ» አለኝ። ያነበበው ያንኑ ጽሑፍ ነው። ያኔ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

የጸሐፊው ክስ ባጭሩ ይህ ነው። ቦርዱ የበርህን ቀለም ሳይቀር ይመርጥልሃል። አንዴ «አይሆንም» ካለ አለቀ። የሀብታም ነጮች ክበብ ነው። ኪራይ የተወደደው በእሱ ነው። ናይንዝ ስትሪት ላይ የነበሩ ምግብ ቤቶቻችንን የበተነው እሱ ነው። ሶላር ይከለክላል። ሲሚንቶ ከልክሎ በውድ ኖራ ያስለስናል። መደምደሚያቸው «ይፍረስ» ነው፤ ቦርዱ ማለታቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከቀለሙ። የዲሲ ቦርድ የበር ቀለም አያይም። ወይን ጠጅ ቀቡት፣ ቢጫ ቀቡት፣ ጉዳዩ አይደለም። የቤት ውስጥም አያገባውም። ውስጡ ራሱ በቅርስነት ተለይቶ የተመዘገበ ጥቂት ሕንጻ ካልሆነ በቀር ወጥ ቤትዎን አፍርሰው ሳሎን ቢያደርጉት የታሪክ ጥበቃው ሰው አይመጣም። ቀለም የሚያስመርጡት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ናቸው፤ ኤችኦኤ የምንላቸው። እዚያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሁሉ የፖስታ ሳጥኑ በምን ዓይነት ጥቁር መቀባት እንዳለበት የሚገልጽ ደብዳቤ አይቷል። ያንን ዝና ነው ለቦርዱ ያሸከሙት።

ቦርዱ የሚያየው ከውጭ ያለውን ነው። ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ ከኋላ መቀጠል፣ የፊት ለፊት መስኮት መቀየር፣ የብረት ደረጃውን መንቀል። ከእነዚህም ውስጥ አብዛኛው ቦርዱ ፊት ጭራሽ አይደርስም። ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠውን ማመልከቻ የከተማው የታሪክ ጥበቃ ቢሮ ሠራተኞች ራሳቸው አይተው ይፈርሙበታል። ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ በየወሩ ተቀምጦ የሚያየው የተረፈውን፣ ከበድ ያለውን ነው።

ታዲያ እኔ እንዴት እንቅልፍ አጣሁ? በራሴ ጥፋት፣ በከፊል። መስኮት የሚቀይርልኝ ሰው ቀጥሬ ነበር። ማንነቱ ይቅር። «ፐርሚት አያስፈልግም፣ መስኮት እኮ ነው» አለኝ። አመንኩት፤ ዋጋው ርካሽ ነበራ። አሮጌዎቹን የእንጨት መስኮቶች በሁለት ቀን ነቅሎ መንገድ ዳር ከመራቸው። ነጭ ቪኒል፣ የፕላስቲክ መስኮት ማለት ነው፣ ገጠመ። በሦስተኛው ቀን በሬ ላይ ሥራ አቁም የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። የፊት ለፊቶቹን ሦስት መስኮቶች እንደገና በእንጨት አሠራሁ። የኋላዎቹን ቪኒሎች ግን ማንም አልነካብኝም፤ ከመንገድ ለማይታየው በኩል ሕጉ ላላ ይላል። ያኔ ቦርዱን ነበር የረገምኩት። አሁን ሳስበው መረገም የነበረበት ባለ ቪኒሉ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሳይጠይቅ የፈረመው ሰውዬ፤ እኔ።

ሁለተኛው ክስ፣ «አንዴ አይሆንም ካለ አለቀ» የሚለው። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። ለመሳሳትም ከባድ ነው፤ ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። በ1978 የወጣው የከተማው ሕግ የከንቲባው ወኪል የሚባል ባለ ሥልጣን አለው። ቦርዱ ካልተስማማ አመልካቹ ወደዚህ ወኪል ሄዶ በአደባባይ ይከራከራል። ፕሮጀክቴ ለከተማው የተለየ ጥቅም አለው ሊል ይችላል። ወይም ቤቱን እንዳለ ማቆየት ከአቅም በላይ ኪሳራ ነው ሊል ይችላል። እዚያም ካልተሳካለት ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ በር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ሁለት ምሳሌ አለ። የመጀመሪያው ሮድስ ታቨርን ነው። በ1799 የተሠራ፣ ከዋይት ሀውስ ጥቂት እርምጃ የራቀ መጠጥ ቤትና ማረፊያ ነበር። የከተማው ሕዝብ በ1983 ድምፅ ሰጥቶ «ይቆይ» አለ። በ1984 ፈረሰ። ቦታውን የፈለገው ባለ ሀብት አጠገቡ ያሉትን የሌሎች ሕንጻዎች ፊት አቆያለሁ ብሎ ፈቃድ ነበረው። ሁለተኛው ሲክስቲንዝ ስትሪት ላይ የነበረው የኮንክሪት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1971 ተሠራ፤ መስኮት የለሽ ምሽግ ይመስል ነበር። ምእመናኑ ራሳቸው ጠሉት። አምፖል ለመቀየር እንኳ መወጣጫ መትከል ያስፈልግ ነበር። ቦርዱ በ2007 ቅርስ ነው ብሎ መዘገበው። ምእመናኑ ተከራከሩ፣ የከንቲባው ወኪል በ2009 ፈቀደላቸው፣ በ2014 ፈረሰ።

የመጀመሪያው ያንገበግበኛል። በሁለተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኛል። ጸሎት የሚያደርሱበት ሰዎች አንፈልገውም ካሉ ምን ይደረጋል። የሆነ ሆኖ ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ ነው፤ የቦርዱ «አይሆንም» የመጨረሻ ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «የሀብታም ነጮች ክበብ ነው።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከባዶ አልተነሱም። ዲሲ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው ሰፈር ጆርጅታውን ነው፤ በ1950 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ። ጆርጅታውን ውስጥ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። በዚያው ዘመን ቤቶቹ እየታደሱ፣ ዋጋው እየናረ፣ እነሱ እየወጡ ሄዱ። ዛሬ እዚያ የቀሩት አብያተ ክርስቲያኖቻቸው ናቸው። እሁድ ጠዋት ምእመናኑ ከሜሪላንድ በመኪና ሲመጡ ማየት ይቻላል። ይህን የሚክድ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ግን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ምን ሆነ? ሳውዝዌስት የሚባለው ሰፈር ቅርስ ጠባቂ አልነበረውም። መንግሥት «ደሳሳ ሰፈር ነው» አለና ሊያፈርሰው ተነሳ። አንድ የሱቅ ባለቤቶች ወገን «የእኛ ሱቅ ምን አጠፋ» ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ። ሰፈሩ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተደመሰሰ። ወደ 23,000 ሰው ተነሳ፤ አብዛኛው ጥቁርና ድሃ። የቀሩት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናትና ጥቂት ረድፍ ቤቶች ናቸው። ጆርጅታውን ውስጥ ሰው ተገፍቶ ቤቱ ቀረ። ሳውዝዌስት ውስጥ ሰውም ቤቱም አልቀረም። ጸሐፊው «ቦርዱ ይፍረስ» ሲሉ የሚመኙልን የትኛውን እንደሆነ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ደግሞ ጭራሽ በጽሑፋቸው የለም። እኔ የምኖርበትን ሰፈር ልጥቀስ። ለድሮይት ፓርክ በ1873 ሲመሠረት ለነጮች ብቻ ነበር። ዙሪያውን ታጥሮ። አጥሩ ማዶ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጥቁሮች ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ሲሄዱ ዞረው ነበር የሚያልፉት። በ1888 ሰዎች መጥተው አጥሩን አፈረሱት። እንደገና ቢታጠርም አልጸናም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፈሩ የጥቁር ምሁራን ሰፈር ሆነ። ሜሪ ቸርች ቴረል ቲ ስትሪት ላይ ቤት ገዝተው ኖሩበት። እኚህ ሴት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዘሎ ዲሲ ውስጥ ጥቁር ሰው አናስተናግድም ያለ ምግብ ቤት ገብተው፣ ተከልክለው፣ ከሰው፣ በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አሸንፈዋል። ምግብ ቤት መክፈትና መብላት የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ለእኚህ ሴት ቤት ማለፍ ሲገባን እጅ ብንነሳ አይበዛም። ሰፈሩ ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበው በ1974 ነው። በአጥሩ ምክንያት ሳይሆን አጥሩ ስለፈረሰ ነው የምኮራበት።

ዩ ስትሪትም እንደዚያው ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ሌሊት በ1968 ግርግሩ የተነሳው ፎርቲንዝና ዩ መገናኛ አካባቢ ነው። ከዚያ የተቃጠለው ተቃጠለ፣ የቀረው ባዶውን ከረመ፣ በኋላም ለባቡሩ መሬቱ ለዓመታት ተቆፈረ። ጣቢያው በ1991 ተከፈተ። ባቡር ሲመጣ ገንዘብ መጣ። ሰፈሩና ሕንጻዎቹ በቅርስነት ባይመዘገቡ ኖሮ ዛሬ ትሩ ሪፎርመር ሕንጻ፣ ሊንከን ቲያትር፣ በየጎኑ ያሉት ረድፍ ቤቶች በመስታወት ሕንጻ ተተክተው ይሆን ነበር። ትሩ ሪፎርመር በ1903 የተመረቀው በጥቁር አርክቴክት ተነድፎ፣ በጥቁሮች ገንዘብ ነው። ይህ የማን ክበብ ነው?

ጎረቤቴ አንዲት አረጋዊት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስለነገርኳቸው ይወዱታል። ስለዚህ ጽሑፍ ስነግራቸው በረንዳቸው ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ያ ሰውዬ ቤቱን ከማን ነው የገዛው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ኪራይ። ጸሐፊው «ቦርዱ ፎቅ ስለሚከለክል ቤት አነሰ፣ ቤት ስላነሰ ኪራይ ተወደደ» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ግን ዲሲ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የሌላት በቦርዱ ምክንያት አይደለም። ኮንግረስ በ1910 ያወጣው የሕንጻ ከፍታ ሕግ አለ። ከጥቂት ልዩ ቦታ በቀር በንግድ ጎዳና ላይ ቢበዛ 130 ጫማ፣ በመኖሪያ ጎዳና ላይ 90 ጫማ ይላል። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ያለችው የአርሊንግተን ሕንጻዎች ለምን እንደሚረዝሙ ይህ ይመልሳል። በእኛ ረድፍ ቤቶች ላይ ደግሞ ዞኒንግ አለ፤ በየሰፈሩ ምን ዓይነት ቤት መሠራት እንደሚችል የሚወስነው ደንብ። በ2015 የዞኒንግ ኮሚሽኑ የረድፍ ቤት ከፍታ ጣሪያውን ከ40 ጫማ ወደ 35 ዝቅ አደረገው። በአብዛኛው ሰፈርም ከሁለት ቤተሰብ በላይ ማኖር አይቻልም። እነዚህ ሁለቱ ሕጎች ታሪካዊ ባልሆነውም ሰፈር ይሠራሉ። ቦርዱ ነገ ቢፈርስ ይቀጥላሉ።

አሁን ደግሞ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የዲሲ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ የሚሸፍነው ከ1976 በፊት የተሠሩ ሕንጻዎችን ነው። በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በማውንት ፕሌዛንት፣ በፎርቲንዝ ስትሪት ላይ ያሉ አሮጌ አፓርታማዎች። ስንቶቻችን ነን አሜሪካ ስንገባ እዚያ አራት ሆነን አንድ መኝታ ቤት የተካፈልነው? ያ አሮጌ ሕንጻ ሲፈርስ፣ በቦታው የሚቆመው አዲስ ሕንጻ ከፈረሰው የበለጠ ቤት ካለው ከቁጥጥሩ ውጭ ነው። ባለ ቤቱ የፈለገውን ይጠይቃል። ስለዚህ አሮጌ አፓርታማ ሲፈርስ «ቤት በዛ» ብሎ ከማጨብጨብ በፊት ማን ከየት ወጣ ብሎ መጠየቅ ነው።

ዋይትሎ ሆቴልን ተመልከቱ። ተርቲንዝና ቲ ላይ ነው። በ1919 ጥቁር ባለ ሀብት ለጥቁር እንግዶች ያሠራው ሆቴል፤ ሌላ ቦታ አያስገቧቸውም ነበርና። በ1977 ተዘጋ፤ ጣሪያው ሊወርድ ደረሰ። ያዳነው ለድሆች ቤት የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ1992 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች አፓርታማ ሆኖ ተከፈተ። እንዲህ ላለው የሚከራይ ታሪካዊ ሕንጻ የፌዴራል መንግሥት የእድሳቱን ወጪ 20 በመቶ በግብር ቅናሽ ይመልሳል። ሕንጻው ካልተመዘገበ ይህ ገንዘብ የለም። አሮጌ ሕንጻና ርካሽ ቤት ጠላት ናቸው ለሚል ሰው አድራሻውን ነግሬያለሁ፤ ሄዶ ይየው።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው። የታሪክ ጥበቃን ቤት እንዳይሠራ መከላከያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ቦርዱን አይደለም የምለው፤ ነዋሪዎችን ነው። ከእኔ ቤት ጥቂት ወጣ ብሎ ማክሚላን የሚባል ያረጀ የውሃ ማጣሪያ ቦታ አለ። ከተማው በ1987 ገዛው። ግንባታ በደንብ የተጀመረው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሀል ክስ፣ ይግባኝ፣ እንደገና ክስ። ለዓመታት በአጥሩ ሥር ባለፍኩ ቁጥር እዚያ ሊኖር ይችል የነበረውን ሰው አስብ ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ አብሬ እፈርም ነበር። ግን ስለ ማክሚላን አንድ ቃል የላቸውም።

ናይንዝ ስትሪት። ይህ ሁላችንንም ያማል። በ1980ዎቹ ምግብ ቤቶቻችን አዳምስ ሞርጋን፣ ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ ነበሩ። ኪራይ ሲወደድ ወደ ናይንዝና ዩ ወረዱ። እዚያም ሲወደድ ወደ ጆርጂያ አቬኑ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ተበተኑ። ጸሐፊው ለዚህ ቦርዱን ይከሳሉ። እስኪ እናስብበት። ዲሲ ውስጥ ለንግድ ቤት የኪራይ ቁጥጥር የለም። ውል ሲያልቅ ባለ ሕንጻው እጥፍ ቢጠይቅ ማንም አይከለክለውም። ከሄዱት አብዛኞቹ ተከራይ ነበሩ። የገዙት ግን አሉ፤ ዛሬም ክትፎ እያበሉን ነው። ቦርዱ ሕንጻ እንጂ ንግድ አይጠብቅም። ምግብ ቤት የነበረው ቤት የውሻ መዋቢያ ቢሆን፣ ፊቱ ካልተነካ፣ ሥልጣን የለውም።

እዚህ ጋ ነው የሕጉ ደካማ ጎን ያለው። ግድግዳው ይቆያል፣ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሰው ግን በገዛ ጉልበቱ ነው የሚቆየው። ጸሐፊው ክሳቸውን እዚህ ላይ ቢያነጣጥሩት ኖሮ ለንግድ ተከራይ ሕግ ይውጣ ብለን አብረን ምክር ቤት በሄድን ነበር።

ስለ ናይንዝ ከተነሳ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልጨምር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» እናስብለው ሲባል ናይንዝ ስትሪት ያለበት ሾው የሚባለው ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙዎቻችን ተቀየምን፤ እኔም ተቀይሜ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ከናይንዝ ዘቅዘቅ ብዬ ስሄድ፣ እንጀራ ከምንበላበት በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ የካርተር ዉድሰንን ቤት አየሁ። በ1926 የጥቁር ታሪክ ሳምንትን የጀመሩት፣ ዛሬ ወር የሆነውን፣ ከዚያ ቤት ሆነው ነው። ከ1922 ጀምሮ በ1950 እስኪሞቱ እዚያ ኖሩ፤ ታች ቢሮ፣ ላይ መኝታ። ቤቱ ለዓመታት ባዶውን ፈርሶ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በ2005 የፌዴራል የፓርኮች አገልግሎት ገዛውና አደሰው። ስንት ዓመት በደጁ አልፌያለሁ! ለካ ሰዎቹ «ስም አትስጡት» ያሉት ስም ስላለው ነበር። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ስልካችንን ይዘን ያለቀስን ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል። (ይህኛው ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሶላርን በሁለት መስመር ልለፈው። እውነት ነው፣ ቦርዱ ከመንገድ በሚታይ ጣሪያ ላይ ሶላር ይከለክል ነበር። በ2019 ሕዝቡ ተቆጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ መመሪያው ላላ። የጸሐፊው መረጃ ያረጀ ነው፤ ከቤታቸው ያነሰ ቢሆንም።

የመጨረሻውና የምወደው ክስ የኖራው ነው። ጸሐፊው የፊት ግድግዳቸው ጡብ እየተፈረፈረ እንደሆነ ይነግሩናል። በሲሚንቶ ሊያስሞሉት ሲሉ የቢሮው ሠራተኛ በኖራ ይሁን አላቸው። «የቀጠርኩት ግንበኛ ሳቀ» ይላሉ። ጠንካራ እያለ ደካማ፣ ርካሽ እያለ ውድ።

ግንበኛው ባይስቅ ይሻለው ነበር። እኔም ቤት ያንኑ አይቻለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የምዕራቡን ግድግዳ በሲሚንቶ አስሞልቶት ነበር። ከሩቅ ያማረ ነው። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ስነካው ሲሚንቶው ንቅንቅ አይልም፤ በዙሪያው ያለው ጡብ ግን እንደ ደረቅ አምባሻ ቅርፊት ይላጣል። የእግረኛ መንገዱ ላይ በየክረምቱ ቀይ ዱቄት ይከማቻል። ምክንያቱ ተራ ነው። የ1880ዎቹ ጡብ በደንብ ያልበሰለ፣ ለስላሳ ነው። ውሃ ይጠጣል። ድሮ በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ ከጡቡ የባሰ ለስላሳ ስለነበር ውሃው በእሱ በኩል ይወጣል። የሚጎዳው ኖራው ነው፤ በስንት ዓመት አንዴ ይተካል። ሲሚንቶ ግን ከጡቡ ይጠነክራል፣ ውሃ አያስወጣም። ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል። ጥር ላይ ይበርዳል፣ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ያንን ማንም መልሶ አይለጥፈውም።

ይህ የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ጎንደርን ያስታውስ። የፋሲል ግንብ የተገነባው በኖራ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገነው። ያ ጥገና ራሱ ጉዳት ሆኖ ተገኘና ቆይቶ ሲሚንቶው እየተነሳ እንደገና በኖራ ተሠራ። የአገራችን ግንበኛ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የሚያውቀውን ነው የዲሲ ቢሮ የነገራቸው።

ውድ ነው? አዎ፣ ውድ ነው። የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘትም ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያልነገሩን፣ ምናልባት ያልሰሙት ነገር አለ። ከተማው ታሪካዊ ቤት ላላቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የእድሳት ድጎማ አለው። በተመረጡ ሰፈሮች እስከ 25,000 ዶላር፣ አናኮስቲያ በሚባለው ሰፈር እስከ 35,000። ብድር አይደለም፤ አይመለስም። በጀቱ በየዓመቱ እኩል አይደለም፣ ወረቀቱም ብዙ ነው። ግን ጎረቤቴ እማማ የፊት ደረጃቸውን ያሠሩት በዚህ ነው። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ደግሞ ግብር የሚሰላበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ሕግ ይገድባል፤ ለዚህም ማመልከት ያስፈልጋል። ያላመለከቱ ወገኖቼን አውቃለሁ፤ ለዓመታት በከንቱ ከፍለዋል።

«እንግሊዝኛው የጠበቃ ነው፣ ማን ይገባዋል» ብለዋል ጸሐፊው። እሺ። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ሲወጣ ጀምሮ አማርኛ ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስብሰባ ከመሄድዎ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነጻ ነው። እኔ በመስኮቴ ጉዳይ ስሄድ ይህን አላወቅኩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ላቤን ጠረግሁ። በኋላ አንዱ ሠራተኛ «አማርኛ አስተርጓሚ ይመጣልህ ነበር እኮ» ሲለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። አዳራሹ ውስጥ ከእኔ በቀር አንድም ሐበሻ አልነበረም። በዚያን ዕለት ከታዩት ቤቶች ሁለቱ የሐበሻ እንደነበሩ ከስማቸው ለይቻለሁ። ባለቤቶቹ አልመጡም። ጉዳያቸው ያለ እነሱ ታየ።

ወንድሜ ጸሐፊው፣ ቅሬታዎን ቦርዱ በሚቀመጥበት ቀን ቢያመጡት እኔም እመጣለሁ። ስለ ግድግዳው ግን እስከዚያ አይቆዩ፤ ክረምቱ ሳይገባ ሲሚንቶውን ያስቁሙት። ከእኔ ሥራ የተረፈ አንድ ባልዲ ሙሉ የራሰ ኖራ ቤዝመንት ውስጥ አለ። ክዳኑ ተዘግቶ አየር ካልገባው አይበላሽም። መኪና ይዘው ይምጡ እንጂ፣ ብቻውን የሚነሳ አይደለም።